ተረካቢ ያጣ ፈረቃ

ዘይነባ የደወለችልኝ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ሳለሁ ነው። ስልኬን ከኪሴ ለማውጣት የሁለት ሰው ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ።

«ጋሽ ፈለቀ አረፉ» አለችኝ።

ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ «ወይኔ» ይላል፣ ራሱን ይይዛል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን «በስንት ሰዓት?» የሚል ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው፣ ልብ ሳይፈጠርለት የቀረ ሰው እንዳገኙ ሁሉ አፍጥጠው አዩኝ። ዘይነባን ግን አልገረማትም።

«አሥራ አንድ ከሃያ። ሊነጋጋ ሲል። ልጃቸው ሰዓቱን አይታ ጽፋዋለች።»

«ጎበዝ ልጅ» አልኩ። ማልቀስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንባዬ ሚኒባሱን ሞልቶት ረዳቱ በሩ ጋ ለመድረስ ዋኘ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጋሽ ፈለቀ ካሉበት ሆነው «ስንት ሊትር?» እንዳይሉኝ ፈርቼ ተውኩት።

እኔ ከየካ ተራራ ሥር፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ግቢው ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ ከመበየጃ ማሽን እስከ መጥረጊያ፣ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22፣ በእኔ ፊርማ ነው። ጋሽ ፈለቀ ደግሞ የነዳጅ ማጣራት መምህር ነበሩ። ማጣሪያ በሌለበት አገር ነዳጅ ማጣራት ማስተማር እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆሞ ዋና ማስተማር ነው እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። አይቆጡም። «ጥልቀቱ ስንት ሜትር በሆነ ውሃ?» ይሉኛል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። የግራ ቅንድባቸው ግማሹ የለም፤ ወጣት ሳሉ የምድጃ መስኮት ሲከፍቱ እሳቱ ወስዶታል። ለአዲስ ተማሪዎች አንበሳ ነው የበላው ብዬ አወራ ነበር። አንበሳው ግማሽ ቅንድብ በልቶ እንዴት ጠገበ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ይሄን ሳስብ ነው ስለ ትምህርት ጥራት የምጨነቀው። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን እጃቸው ነው። አንድን ነገር ከመንካታቸው በፊት የእጃቸውን ጀርባ ጠጋ ያደርጉበታል፤ ይግላል አይግልም ብለው። ማጣሪያ ውስጥ የለመዱት ነው። የሻይ ብርጭቆ ላይ ቢሆን ደግ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩንም፣ የበሩን እጀታም፣ መጽሐፉንም እንደዚያው ናቸው። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ቀን ለሰላምታ እጃቸውን ሲዘረጉላቸው ለክተው ነው የጨበጧቸው።

«ስንት?» የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አትለይም። አንድ ቀን ከሲግናል ድረስ በእግሬ መጥቼ «ጋሼ፣ በሙቀት አለቅኩ» አልኳቸው።

«ስንት ዲግሪ ነበር?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ።»

ወደ መስኮቱ ሄደው ቴርሞሜትራቸውን አዩ። «ሃያ ስምንት ነው። ዜሮ ጨምረሃል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ዜሮ ጨምር» ሆኖ ቀረ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም ግቢው ውስጥ የሚያውቀው ዛሬ የደመወዝ ሊስቱ ብቻ ነው።

የሚያስተምሩት ነገር የገባኝ በእሳቸው መንገድ ነው። «መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ዕድሜዬ ግማሹ ያለቀው እዚያ አይደል እንዴ።»

«ሰልፉ ረጅም ነው፤ አንዱ ከአንዱ ተጣብቋል፤ አይንቀሳቀስም። ከባድ ጥቁር ናፍጣ ማለት ይሄ ነው። ድፍድፉን ስታጣራው ቤንዚኑ ይወጣል፣ ላምባው ይወጣል፣ ነጩ ናፍጣ ይወጣል፤ ከታች ይሄ ጥቁሩ ዝቃጭ ይቀራል። አሁን ሰልፉ ላይ ዝናብ ጣለ በል። ምን ይሆናል?»

«ይበተናል።»

«ይሰበራል። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይሮጣሉ። የሚሮጡት ቀላሉ ነዳጅ ናቸው። ዝናቡ እሳቱ ነው፤ ከአራት መቶ ዲግሪ በላይ።»

«ዝናብ እየመታቸው ከቦታቸው የማይነቃነቁም አሉኮ ጋሼ።»

«እነሱ ታች ይቀራሉ። ኮክ ይባላሉ። ከሰል ናቸው፤ እነሱም ይነዳሉ፤ የሚጣል የለም።»

ዛሬም መገናኛ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ሲሮጥ እኔ አልሮጥም። «ሂዱ፣ እኔ ኮክ ነኝ» እላለሁ። የሚረዳኝ የለም እንጂ።

ጋሽ ፈለቀ ወጣት ሳሉ ቀይ ባሕር ዳር በነበረ ማጣሪያ ይሠሩ ነበር። ማጣሪያው ዝቃጩን መስበር አይችልም ነበርና በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል። «ሰው አገር ወስደው ይሰብሩታል፣ ናፍጣ ያደርጉታል» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማሁት ይሄን ሲሉ ብቻ ነው። በኋላ መስበሪያ ሊተከል ነው ተብሎ የነዳጅ አገር ባኩ ድረስ ተልከው ሠለጠኑ። ተመለሱ፣ ጠበቁ። መስበሪያው ሳይተከል ማጣሪያው ራሱ ቆመ።

የቆመ ዕለት ተረኛው እሳቸው ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ማጣሪያ ውስጥ ተረኛ ሰዓቴ ደረሰ ብሎ ጃኬቱን አንስቶ አይወጣም። ተተኪው ይመጣል፣ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ምድጃው ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ መፍሰሱን፣ የታችኛው ቫልቭ መዘጋቱን ይጠይቃል። መልሱን ሰምቶ «ተረክቤያለሁ» ካላለ ፈረቃው አያልቅም። እንዲህ ሲል ሁለቱም መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ፣ ወጪው ተረኛ የወጣበትን ሰዓት ይጽፋል። ያን ዕለት ተተኪው ከቤትህ እንዳትወጣ ተብሏል። ለጋሽ ፈለቀ የነገራቸው የለም።

ይሄን ታሪክ ለተማሪዎች ስተርክ «ሦስት ቀን ሙሉ፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ቆሙ» እያልኩ ነበር፤ ለካ እሳቸው ከኋላዬ ቆመዋል።

«አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉ። «ብስኩትም ነበረኝ።»

በመጨረሻ ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ ሲመጣ አስወጣቸው። መዝገቡን ይዘው ወጡ። ከመጨረሻው ዝቃጭም በቆርቆሮ ጀሪካን ናሙና ይዘው ወጡ፤ ላቦራቶሪው ተዘግቶ ስለነበር። «ናሙና ደግሞ አይጣልም» ይላሉ። ጀሪካኑ በጭነት መኪና ከጠረፍ አዲስ አበባ ገባ፣ ከእሳቸው ጋር ሦስት ቤት ቀየረ፣ መጨረሻ የኮሌጁ ወርክሾፕ ጀርባ ጣውላ ሥር ተቀመጠ። መስበሪያ ያገኙ ቀን ሊሰብሩት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ፈረቃው እስካሁን አላለቀም ማለት ነው?» አልኳቸው፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ።

«አላለቀም» አሉ። አልሳቁም።

ዘይነባ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያናቸው ናት። የሾላ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋን ብጽፍ ነገ ግቢ አታስገባኝም። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ጋሽ ፈለቀ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይቆሙና «ምድጃው ጠፍቷል፣ ሃያ ሁለት ዲግሪ። ውሃው ተዘግቷል። የታችኛው ቫልቭ ተዘግቷል» ይሏታል። አውቶብስ እንደሚጠብቅ ሰው ይቆማሉ። እሷ ደግሞ አቀርቅራ ብርጭቆ እያጠበች «እሺ ጋሼ፣ በሰላም ይግቡ» ትላለች። ትንሽ ቆየት ይሉና ይሄዳሉ። ይሄ በየቀኑ ነው።

«አንዲት ቃል ናት፣ በያቸውና ሰውየው ይረፉ» አልኳት አንድ ቀን።

«አንተ ሁሉ ነገር ቀልድ ይመስልሃል» አለችኝ። «ነገ ትምህርቱ ሲዘጋ እኔን ምግብ ላቦራቶሪ ነው የሚወስዱኝ። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ስፈልግ ነው የምውለው። ምኑን ይዤ ነው ተረክቤያለሁ የምለው? ወላሂ፣ እሳቸውን አልዋሽም።»

እሷ ካልደፈረች እኔ አለሁ አልኩ። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ምድጃው ጠፍቷል፣ ውሃው ተዘግቷል ብለው እንደጨረሱ ደረቴን ነፍቼ «ተረክቤያለሁ» አልኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ጋሽ ፈለቀ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ዝቃጩ አረፋ ሲያወጣ እሳቱን ትቀንሳለህ ወይስ ትጨምራለህ?»

«መጀመሪያ… ቀነስ አድርጌ እጨምራለሁ።»

«ይሄኔ ስድስት ሰው ገድለሃል» አሉ። ቀጠሉና «የንብረት ሰው ነህ። ባዶ መጋዘን አሳይቼህ ሙሉ ነው ብለህ ርክክብ ፈርም ብልህ ትፈርማለህ?»

«አልፈርምም።»

«ታዲያ» አሉ። ካፖርታቸውን ቆልፈው ሄዱ። በዚያ ግቢ ውስጥ አፌን ያስዘጋኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሚስቴ ይሄን ሰምታ አድራሻቸውን ጠይቃኛለች።

ከዚያ የተፈራው ደብዳቤ መጣ። የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥቶ ያያል፤ በተግባር የማይታይ ትምህርት ይዘጋል። ጋሽ ፈለቀ ወረቀቱን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። የሚያሳዩት ካላገኙ ትምህርቱ ያከትማል፣ ዘይነባ ወደ ጀሶዋ ትሄዳለች፣ ተረካቢ የሚባለውም ነገር አብሮ ይቀራል። ሁላችንም ገብቶናል።

«ጊዜው ደርሷል» አሉ። «ጀሪካኑን እንሰብራለን።»

መስበሪያቸውን ከብየዳ ክፍሉ ጋር ሆነው ሲሠሩት ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ወፍራም የብረት ጋን፣ ከሥሩ ምድጃ፣ በጎኑ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ የተጠቀለለ የመዳብ ቱቦ። መዳቡን «ለቧንቧ ጥገና» ብዬ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ቱቦ ከቧንቧ ጋር ስለሚመሳሰል አልዋሸሁም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኮሚቴ ሲመጣ ግቢ ይጸዳል፤ የተጣለ ዕቃ ማስወገድ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ወርክሾፑ ጀርባ ያለውን ቅራቅንቦ በሩቁ አይቼ ለጥበቃው ለጋሽ ቶላ «ይሄን ሁሉ አስወግዱልኝ፣ የሚጠቅም ካለ ለግቢው አድርጉት» አልኳቸው። ጋሽ ቶላ ኮሌጁ ሳይሠራ በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ገብስ ያርሱ ነበር። የኳስ ሜዳው የግራ ጎል የቆመው በረታቸው ላይ ነው፤ አሁንም ጎል ሲገባ በረቴ ገባ ይላሉ። አጥራችንን ምስጥ ሲበላው ከዳይሬክተሩ ይልቅ የሚያንገበግበው እሳቸውን ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ምስጥ የገባበት እንጨት መድኃኒቱ አንድ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ፈለቀ ቢሮዬ መጡ። «ጀሪካኑ ቦታው የለም» አሉ።

«የቱ ጀሪካን?» እያልኩ ሳለ ገባኝ።

ወደ በሩ ሄድን። «ጋሽ ቶላ፣ ወርክሾፑ ጀርባ የነበረው የቆርቆሮ ጀሪካን የት ደረሰ?»

«የተቃጠለ ዘይቱ? ኤዬ፣ ቀባሁት» አሉ በኩራት። «ረግቶ አስቸግሮኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቼ አቀለጥኩት። እንዲህ ያለ ወፍራም ዘይት አይቼ አላውቅም። አሁን ምስጡ ወንድ ከሆነ ይምጣ።»

የአጥሩ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁረው፣ ጥቁር ቦት ጫማ እንዳደረጉ ወታደሮች ተሰልፈዋል። ጋሽ ፈለቀ አልጮኹም። ወደ መጀመሪያው ቋሚ ሄደው የእጃቸውን ጀርባ አስጠጉበት። ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ። አጥሩን ጨርሰው ተመለሱ።

«አርባ አንድ» አሉ።

ጋሽ ቶላ የሆነው ነገር ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኔ ምን አውቄ አቶ ፈለቀ…»

«እሳቸው አያውቁም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«ናሙና ላይ ወረቀት ይለጠፋል» አሉ ጋሽ ፈለቀ። «አልለጠፍኩም። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው።» ጣታቸው ላይ የቀረውን ጥቁር አሸተቱት። ቀጥለው ያሉት ግን ለእኔ ነው። «ኮተቤ ያለው ዳቦ ቤት ምድጃው በጥቁር ናፍጣ ነው የሚሠራው። ታንኩ ሥር ዝቃጭ አይጠፋም። አንተ ታመጣዋለህ። ሃያ ሊትር። ሁለት መቶ አላልኩም፤ ሃያ።»

ታንክ ሥር መግባት ምን እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። በክንዴ ሙሉ እየዛቅኩ፣ የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ዱቄታቸው ውስጥ ቆመው እየሳቁብኝ፣ ሃያ ሊትሩን ሞላሁ። የባጃጁ ሹፌር ሲያየኝ «ወንድሜ፣ አንተን ነው ወይስ ጀሪካኑን የማደርሰው? ሁለታችሁንም አልችልም» አለ። ወንበሩ ላይ ጋዜጣ አነጠፈ፣ ጋዜጣው ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ እኔን። ግቢ ስገባ ዘይነባ አፍንጫዋን ይዛ «ጋሼ፣ ዝቃጩ በእግሩ መጥቷል» አለች። ጋሽ ፈለቀ ጀሪካኑን ብቻ አይደለም፣ እኔንም በእጃቸው ጀርባ ለኩኝ። ያን ቀን ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ጀሪካኑ ላይ ወረቀት ለጠፉበት።

ኮሚቴው አራት ሰዓት ይመጣል ተባለ። ጋሽ ፈለቀ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ እሳቱን ለኮሱ። ከማጣሪያው ይዘውት የወጡትን መዝገብ ከሚቀጥለው ባዶ ገጽ ላይ ገልጠው አጠገባቸው አስቀመጡ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ስድስት ሆነ። ኮሚቴ በሰዓቱ መጥቶ የሚያውቀው የት አገር እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ጋሽ ፈለቀ ስኳር አለባቸው፤ ዘይነባ ዳቦ ብታመጣ «ሲመጡ እበላለሁ» አሏት፣ እኔ ብለምን አልሰሙኝም። ዓይናቸው መለኪያው ላይ፣ እጃቸው መዝገቡ ላይ ነው።

ስምንት ተኩል ላይ አራት ሰዎች ገቡ። ሰብሳቢው ነጭ ጫማ አድርገዋል። «ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» አሉ።

«ልማት ነው» አልኳቸው። ዘይነባ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ያኔ ከመዳቡ ጫፍ የመጀመሪያዋ ጠብታ ወረደች። ቀጭን፣ ቢጫ፣ ከዚያ ከዛቅኩት ጭቃ ጋር ምንም ዝምድና የሌላት። ሰብሳቢው ጎንበስ አሉ። «ከዚያ ከጥቁሩ ነው ይሄ?» «ከዚያው ነው» አለች ዘይነባ። ጠርሙሱ ጠብ ጠብ እያለ መሙላት ጀመረ።

ጋሽ ፈለቀ ለመዝገቡ ጮክ ብለው አነበቡ። «አራት መቶ አራት።»

ዘይነባ መለኪያውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። መለኪያው አራት መቶ አርባ ይላል። እሳቱ መቀነስ የነበረበት አራት መቶ ሠላሳ ላይ ነው፤ ይሄን ግድግዳው ላይ በትልቁ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ሳውቃቸው ቁጥር ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እስቲ እንደገና ያንብቡልኝ» አለች ቀስ ብላ።

ጎንበስ አሉ። ላቡ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሏል። ብዙ አዩት።

«አንቺ አንብቢው» አሉ በመጨረሻ።

«አራት መቶ አርባ።» እያለች እጇን ዘርግታ እሳቱን ቀነሰች። ማንም ቀንሺ አላላትም። ጋሽ ፈለቀ የሚያዩት መለኪያውን አልነበረም፤ እጇን ነበር።

«ዐረፍ ይበሉ ጋሼ» አልኩ።

«ተረኛ ነኝ።»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ዘይነባ እጇን በጋውኗ ጠረገችና መጥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ምድጃው ስንት ላይ ነው?»

ጋሽ ፈለቀ ቀና አሉ። ጎባጣው ጀርባቸው ሲቃና ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። «አራት መቶ አርባ፣ እየወረደ።»

«ውሃውስ?»

«ይፈሳል። ለብ ብሏል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይቀየር።»

«የታችኛው ቫልቭ?»

«ተዘግቷል። ጋኑ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም።»

«ተረክቤያለሁ» አለች።

ኮሚቴው ምን እንደተደረገ አልገባውም። ጋሽ ፈለቀ መዝገቡን አቀረቡላት፣ ፈረመች። ከሥሩ «ወጣሁ፣ 9፡40» ብለው ጻፉና እርሳሱን አስቀመጡ። ክንዳቸውን ያዝኩ። በሩ ላይ ስንደርስ «ጋሼ፣ ናፍጣውን የአትክልት ማጠጫው ፓምፕ ላይ ሊሞክሩት ነው፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቀው፣ አሁን አይተውት ይሂዱ እንጂ» አልኳቸው።

«ፈረቃዬ አልቋል» አሉ። ወደ ኋላም አልዞሩም።

በሩ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት አስቀምጬ ከጋሽ ቶላ ጋር ትቻቸው ተመለስኩ። ፓምፑ አንዴ አስነጠሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተነሳ። ቱቦውን የያዘው ሰው ስላልነበር የመጀመሪያው ውሃ የሄደው ወደ ነጩ ጫማ ነው። ሰብሳቢው ወደ ኋላ እየዘለሉ ይስቁ ነበር፤ የሚስቅ ኮሚቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለጋሽ ፈለቀ ልነግር እየሮጥኩ ብሄድ ሁለት ዳቦ በልተው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው፣ እንደ ሕፃን ተኝተዋል። ጋሽ ቶላ ከአጠገባቸው ቁጭ ብለው ዝንብ ይከላከሉላቸዋል። አልቀሰቀስናቸውም።

በማግስቱ መጀመሪያ የጠየቁት «ፓምፑ ስንት ደቂቃ ሠራ?» ነው።

«አንድ ሰዓት ሙሉ» አልኩ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለች ዘይነባ።

«የሰብሳቢው ጫማስ ስንቱ ራሰ?»

«ሁለቱም» አልኩ። ይሄኛው እውነት ነበር።

ትምህርቱ በዚያ መልኩ አልቀጠለም። ከሌላ ትምህርት ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት ሰዓት ብቻ ቀረው፤ ግን አልተዘጋም። የያዘችው ዘይነባ ናት። በዓመት አንድ ጊዜ ምድጃውን ትለኩሳለች። ጋሽ ፈለቀ ጡረታ ወጥተው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ ደረጃው ገደለኝ እላቸዋለሁ፣ «ስልሳ ስምንት ነው» ይሉኛል። ስለ ምድጃው ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። የተረከበ ሰው አለ፤ ምን አገባቸው።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ልጃቸው ማርታ ቢሮዬ መጣች። ጥቁሯን እንደለበሰች መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። «አባባ ይሄን በርክክብ ስጪው ብሎኛል። እንዳትረሺ፣ ያስፈርምሽ ብሎኛል» አለች።

ሞዴል 19 አወጣሁ። ዘይነባን አስጠራሁና ገለጥነው። የማጣሪያውን ጊዜ የመጨረሻ ገጽ ከዚያ በፊት ለማንም አሳይተው አያውቁም። ተረኛ፣ ፈለቀ። ተረካቢ፣ ባዶ። የወጣበት ሰዓት፣ ባዶ። ከሥሩ በየሰዓቱ አንድ አንድ መስመር ተጽፏል። የሚቀዘቅዘው ምድጃ ዲግሪ፣ ከዚያ «ተተኪ አልመጣም»። ዲግሪው በየመስመሩ እየወረደ እየወረደ ይሄዳል፤ ሁለቱ ቃላት አይቀየሩም። ቆጠርኩት። አሥራ ዘጠኝ መስመር ነው።

እስክሪብቶ በእጄ ነበር። «ይሄን ባዶውን አንድ ነገር ብንልበት?» አልኳት።

«ያላየኸውን ልትጽፍ?» አለች።

ተውኩት። ገጹን ስትገልጠው ከጀርባው የእሷ ፊርማ አለ፣ 9፡40ም አለች።

ወጥቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ጋሽ ቶላ ከጥበቃ ቤታቸው ሆነው ያዩኛል። የእጄን ጀርባ እያስጠጋሁ ከመጀመሪያው ቋሚ ጀመርኩ።

«ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«ርክክብ ነው።»

«ምስጥ እንደሆነ ዝር አላለም» አሉ።

ተመልሼ ቢሮዬ ገባሁ። ሞዴሉ ላይ የመጀመሪያው መስመር «የፈረቃ መዝገብ፣ ብዛት 1» ይላል። ማርታ ፈርማ ሄዳለች፤ ከሥሩ በራሴ ፊርማ ሌላ መስመር ጨመርኩ። «የአጥር ቋሚ፣ ከባሕር የመጣ ዝቃጭ የተቀባ፣ ብዛት 41።»

ዜሮ አልጨመርኩም።